ኩባት በቴሌቪዥን የታየ ምሽት

አናርኩል ልጅ ሳለች፣ ከናሪን ወንዝ ማዶ ባለችው መንደር ቴሌቪዥን የነበረው እነሱ ቤት ብቻ ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሥዕሉ ይጠፋል። ያኔ የእርሻ ማኅበሩ ሾፌር የሆነው አባቷ ሼርጋዚ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፤ ታላቅ ወንድሟ ኩባት በመስኮት ይመልስለታል።

«መጣ?»

«አልመጣም! ትንሽ ወደ ተራራው!»

«አሁንስ?»

«ኧረ ያለውንም አባረርከው!»

ምንጣፉን የሞሉት ጎረቤቶች በሳቅ ይፈርሳሉ።

ኩባት ለውትድርና ተጠርቶ አፍጋኒስታን ከዘመተ ወዲህ ግን ሳቁም ቀረ። እናቷ ቡሩል ዜና በመጣ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትቀመጣለች። አንድ ምሽት ወታደሮች ችግኝ ሲተክሉ ታዩ። አንዱ ቀና ብሎ ሳቀ።

«ልጄ! ኩባት ነው!» ብላ ቡሩል ብድግ አለች። ይሄኔ ሥዕሉ ተንቀጠቀጠና ነጭ ሆነ። ሼርጋዚ ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ ጣሪያ ላይ ወጣ።

«መጣ? አናርኩል፣ መጣ ወይ?»

ሥዕሉ ሲመለስ ሌላ ዜና ነበር፤ የጥጥ ለቀማ።

«አየሽው አይደል?» አለቻት እናቷ።

አናርኩል ያየችው ቆብና ጥርስ ብቻ ነው። የእናቷን ፊት አይታ ግን «አዎ እማዬ» አለች።

ሼርጋዚ በዚያው ሰሞን ከተማ ወርዶ ትልቅ ባለቀለም ቴሌቪዥን ጭኖ መጣ። «በዚህኛው ጥርት አድርገሽ ታዪዋለሽ» አላት ሚስቱን። ቡሩል ብትጠብቅ ብትጠብቅ ኩባት አልታየም።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ ወጣት መኮንን መጣና ኩባት መሞቱን ነገራቸው። የሞተበትን ቀን ሲናገር ሼርጋዚ አቋረጠው።

«ተሳስተሃል ልጄ። ከዚያ በኋላ በቴሌቪዥን አይተነዋል።»

መኮንኑ አቀረቀረ። «ፊልሙ ቀደም ብሎ የተነሣ ይሆናል፤ ወይም የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል።»

«የትኛው ነው?»

«አላውቅም አባቴ።»

ሬሣው በቆርቆሮ ሣጥን ታሽጎ ደረሰ፤ መክፈት ክልክል ነው ተባሉ። ቀበሩት። ቡሩል ግን «ፊቱን ያላየሁትን እንዴት ላልቅስ?» እያለች ዜና ላይ መቀመጧን አልተወችም። አንድ ቀን ሼርጋዚ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ። ቀና ብላ አየችው፤ እጁን ሰበሰበ።

አናርኩል አድጋ፣ አግብታ፣ ልጅ አዝላ ስትመጣም እናቷን እዚያው ታገኛታለች።

«እማዬ፣ ትንሽ ቅመሺ እንጂ።»

«ቆይ፣ ወታደሮቹን ሊያሳዩ ነው» ትላታለች። አናርኩል ሳህኑን ይዛ አጠገቧ ቁጭ ትላለች። ሌላ ምን ታድርግ?