የአዮ ግድግዳ ሥር

ልጃችን እኛ ጋ መጥታ ልትታረስ ስለሆነ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤታችን ጎን አንዲት ክፍል ለመጨመር ተነሳሁ። መሠረቱን እኔው ራሴ እቆፍራለሁ አልኩ። ባለቤቴ «አንተ እኮ ስታወራ መሐንዲስ ነህ» ብላ ሳቀችብኝ፤ ቢሆንም ባልዲ ይዛ አብራኝ ወረደች።

ቁፋሮው የጎረቤታችንን ግድግዳ ታክኮ ነው የሚሄደው። ጎረቤታችን አሮጊት ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ አዮ ይላታል፣ ድሬ ደግሞ አንቱታ ስለማያውቅ አንቺ እያልን ነው የምናወራት። እኔ ችኩሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባንዴ ከፈትኩት። ትንሽ ቆፍሮ፣ እሱን ሞልቶ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነበረብኝ።

ከሰዓት በኋላ የታችኛውን አፈር ስጠርግ፣ ድንጋይ ይገጥመዋል ያልኩት አካፋዬ ሰተት ብሎ ግድግዳው ሥር ገባ። የአዮ ግድግዳ መሠረት የለውም፣ የተቀመጠው አሸዋ ላይ ነው። አሸዋው ከተቀደደ ጆንያ እንደሚፈስ ማሽላ ወደ እግሬ መውረድ ጀመረ። ክው አልኩ።

ከግድግዳው ወዲያ ሳቅ ይሰማል። የበርጫ ሰዓት ነው። የሰፈሩ ሴቶች እንደ ወትሮው አዮ ቤት ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ጫት ይቅማሉ፤ ትራሳቸውን ያስደገፉት በዚሁ ግድግዳ ነው። እየሮጥኩ ገባሁ፣ ሰላምታም ትዝ አላለኝ።

«አዮ፣ ተነሺ! ሁላችሁም ተነሱ!»

«አቦ፣ ምን ሆነሃል? ቁጭ በል፣ ላብህ ይድረቅ።»

«ግድግዳሽ ሥር የለውም። እኔ ደግሞ ቆፍሬ አራቁቼዋለሁ።»

ሳቁ ቆመ። አዮ ዞራ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው።

«ባሌ ነው የሠራው» አለች። «መሠረቱ ድንጋይ ነው ይለኝ ነበር። ሰውዬው ለካ ሲዋሸኝ ኖሮ ነው የሞተው።»

ሴቶቹ ትራስ ትራሳቸውን ይዘው ወጡ፣ ግን ወደየቤታቸው አልገቡም። ቧንቧ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሉም በርሜል አለው፤ ከየበርሜላቸው ውሃ እየቀዱ አቀበሉን። ባለቤቴ ሲሚንቶና ጠጠሩን ታቦካለች፣ እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ድንጋይ እየደረደርኩ አርማታውን እሞላለሁ። ከእኔ በቀር ማንም እንዲወርድ አልፈቀድኩም። አሸዋው ሾለክ ባለ ቁጥር ቀና ብዬ ግድግዳውን አያለሁ። ሊመሽ ሲል ሞላን።

አርማታው እስኪጠነክር አዮ እኛ ቤት ሰነበተች። እኔ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ፣ የድሬ ፀሐይ ቶሎ አድርቆ እንዳያሰነጥቀው። በመሃል እየገባሁ ግድግዳውን ከውስጥ አያለሁ። ጥጉ ጋ አንዲት ስንጥቅ አየሁ፤ ድሮም ነበረች ወይስ አሁን መጣች? አዮን ለመጠየቅ ፈራሁ።

በመጨረሻ «በቃ፣ ቤቴ ናፈቀኝ» አለች። ሴቶቹም በሰዓታቸው መጡ፤ ግን ትራሳቸውን እንዳቀፉ በሩ ላይ ቆመው እኔን ማየት ጀመሩ። መጀመሪያ የሚደገፍ ጠፋ።

«ይቆማል?» አለችኝ አዮ።

«ይቆማል» አልኩ።

«እንግዲያው ና፣ አብረን።»

ጎን ለጎን ተቀመጥን። አዮ ጀርባዋን በሙሉ ጥላ ተደገፈችና እፎይ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ይኼን ያዩት ሴቶች እየገቡ ትራሳቸውን ደረደሩ። እኔም ከመሃላቸው የተደገፍኩ መስዬ ተቀመጥኩ፤ ግድግዳው ላይ እንዳያርፍ ግን ክብደቴን ፍራሹ ላይ በተከልኳቸው ሁለት እጆቼ ይዤው ነበር።