ግንቡ ላይ ያደረው ዘይት

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ አንድ ጆንያ ፋጉሎ ተጭኖ ነበር፤ ዘይቱ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ የሚቀረው፣ ለከብት የሚሰጠው። እግሬን የማሳርፍበት ስላጣሁ ጆንያው ላይ ሰቀልኩት። ባጃጁ ጉድጓድ ሲገባ ጆንያው ተነፈሰና ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። የታመሰ ጎመን ዘር፣ ትንሽ የሚሰነፍጥ፣ ትንሽ ያረረ፣ ከሥሩ ደግሞ የጋለ ብረት ያለበት። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አፍረው "ሸተተሽ መሰል ልጄ፤ ለላሟ ነው" አሉኝ። በዚህ ሽታ ውስጥ ነው ያደግኩት ልላቸው ፈልጌ ተውኩት። ወሬ ከጀመርኩ አዴ ሙሚና ጋ መድረሴ ነው። ሰው ልጅነቱን ሲያነሳ ደስ ደስ የሚለውን ይመርጣል። እኔን ግን ቀድመው የሚመጡብኝ አዴ ሙሚና ናቸው።

አሰላ ውስጥ ከኛ ጋር በአንድ ግንብ አጥር የሚዋሰን ግቢ ነበራቸው። እናቴ ነርስ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ መጥታ እዚሁ የቀረች። የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። አዴ ሙሚና ደግሞ የዚሁ የአርሲ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ባላቸው ሞቶባቸው የዘይት መጭመቂያውን ብቻቸውን የያዙ ሴት ነበሩ። አማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ፤ አዴ ማለት ራሱ በኦሮምኛ እናት ነው። እናቴን "ሲስተር" ይሏታል፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚላት። እኔን "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው።

ማሽኑ ከቤታቸው ጀርባ ባለ የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ነበር። ሲነሳ የኛ መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። ከኢተያ በጆንያ የመጣውን ጎመን ዘር መጀመሪያ በሰፊ ብረት ላይ ያምሱታል፤ ከዚያ በማሽኑ አፍ ያፈሱታል። በአንድ በኩል ፋጉሎው እንደ ተሰባበረ ሸክላ እየተቆራረሰ ይወርዳል። በሌላው በኩል ዘይቱ ጠቆር ብሎ፣ አረፋ ይዞ ባልዲው ውስጥ ይንጠባጠባል። በጨርቅ ተጣርቶ አድሮ ሲጠራ ቀለሙ ሻይ ነው። እኛ ልጆች ቁራሽ ዳቦ ይዘን እንቆማለን፤ ገና ትኩስ እያለ ይነክሩልናል። ጉሮሮ ይከረክራል። ጣፋጭ ነበር ብዬ አልዋሽም። ግን ትኩስ ነው፤ በአሰላ ብርድ ትኩስ ነገር እምቢ አይባልም።

ግድግዳው ላይ ሁለት ጨርቅ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ቀዩ ለማሽኑ፣ ነጩ ለምግቡ። ማሽኑም ዘይት ይጠጣል፣ ጥቁር የሞተር ዘይት። አዴ ቀዩን ጨርቅ ነክተው እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ነጩን አይነኩም። አንድ ቀን ማሽኑን የሚጠግነው ሰውዬ በነጩ ጨርቅ እጁን ሲጠርግ አዩትና ነጥቀው እሳት ውስጥ ጣሉት።

"ሁለቱም ዘይት አይደል እንዴ አዴ?" አላቸው እየሳቀ።

"አንተም አህያህም ትበላላችሁ፤ በአንድ ሳህን ላቅርብላችሁ?" አሉት።

የሰፈሩ ዘይት ሁሉ ከሳቸው ጣሳ ነበር የሚወጣው። ለወጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጆሮዬን ሲያመኝ ለብ አድርገው ጠብ ያደርጉልኛል፤ እናቴ ነርስ ሆና "ኧረ ይሄ ነገር አይሆንም" እያለች። የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የሚንጫጫ በር፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ አልበጠር ያለ የኔ ፀጉር፣ ሁሉም ከዚያው ነው። ክፍል ውስጥ "ወጥ ወጥ ትሸቻለሽ" ይሉኝ ነበር። ልክ ነበሩ፣ ሽታው ነበረኝ። ጾማችንን ደግሞ ከኛ በላይ ያውቁታል። በጾም ቅቤ ስለማይበላ ክርስቲያኑ ሁሉ ዘይት ፈላጊ ነው። በግንቡ ላይ ብቅ ብለው "ሲስተር፣ ጾማችሁ ሰኞ ይገባል፤ ጠርሙስሽን ላኪ" ይላሉ። እናቴ ቀኑን ረስታው ትገኛለች።

ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚገኝ ሌላ ዘይት ነበር፣ ከውጭ የሚመጣው ፓልም። እሱ ይረጋል። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲያድርበት ነጭ ይሆንና ጠዋት በማንኪያ እየፋቅን ነው ድስት ውስጥ የምንጨምረው። የጎመን ዘር ዘይት ግን አይረጋም። ስለዚህ ሰፈራችን የራሱ መፈተኛ ነበረው። የገዛችሁትን ዘይት ከተጠራጠራችሁ በጠርሙስ አድርጋችሁ ግንብ ላይ ታሳድሩታላችሁ። ጠዋት ከሥሩ ነጭ ነገር ካስቀመጠ ተቀላቅሏል ማለት ነው። የአዴ ሙሚና ዘይት ግን ግንብ ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ማን ይጠርጥራቸው?

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ጎመን ዘር ጠፋ። ገበሬው መሬቱን ሁሉ ስንዴ ዘራበት፤ በኢተያ መንገድ ግራና ቀኝ የምናውቀው ቢጫ አበባ የለም። የተገኘችውን ትንሽ ትልልቆቹ ነጋዴዎች ጠራርገው ወሰዷት። መስኮታችን መንቀጥቀጥ ተወ፤ ማሽኑ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚነሳው። ይሄ ሁሉ የሆነው ሁዳዴ ሲገባ ነው፣ ሰው ዘይት በሚፈልግበት ሰዓት። የአዴ በር ግን አልተዘጋም። ጠርሙስ ይዞ የሄደ ሞልቶ ይመለሳል። ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እናቴም ጭምር።

አስካለ የምትባል ጎረቤት ነበረችን። እትዬ ልላት ይገባ ነበር፣ አልልም። አንድ ጠዋት ጠርሙስ ይዛ የአዴ በር ላይ ቆመች። ከጠርሙሱ ሥር አንድ ጣት ያህል ነጭ ረግቷል።

"ኑ እዩ! የሙሚናን ጎመን ዘር ኑ እዩ! ወጥ ልሥራበት ወይስ ፊቴን ልቀባው?"

ሴቱ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። የጋሪው ፈረስ እንኳን ቆመ። አዴ መጋረጃውን ገልጠው ወጡና በሩ ላይ ቆሙ፤ አልተናገሩም። ዘይት የሚሸጥ ሰው ስሙ ከሄደ ማሽኑ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ይሄን እኔም በልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ ሁሉም ያውቀዋል።

እናቴ ወደ ሥራ ልትሄድ፣ እኔንም ትምህርት ቤት ልታደርሰኝ ወጥታ ነበር። ነጭ ጋውኗን በክንዷ እንደያዘች መሃል ገባች።

"ጠርሙስሽ ነው የቆሸሸው አስካለ። የድሮ ዘይት ቀርቶበት ነው።"

"አጥቤዋለሁ!"

"አዴ ሙሚና እንዲህ አያደርጉም።"

"በምን አወቅሽ ሲስተር? ጓዳቸው ነው እንዴ የምታድሪው?"

ሰው ሳቀ። እናቴ ሲሳቅባት አትወድም። ክንዴን ይዛ ወደ ፊት ጎተተችኝ፤ "ይቺ ልጄ ትሙት አያደርጉም!" አለች።

ሰው በቲማቲም ዋጋ ሲከራከር የሚምለው መሐላ ነው፤ እኔ ምንም አልመሰለኝም። አዴ ግን ያኔ ነው አፋቸው የተከፈተው።

"አስተግፊሩላህ! ሲስተር፣ በልጅ አይማልም።"

"እውነት ከሆነ ምን ያስፈራል?" አለች እናቴ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። "አዲስ ጠርሙስ አምጡ። አሁን እዚሁ ይቅዱልን፤ ግንቡ ላይ ይደር። ነገ ጠዋት ሁላችሁም ኑና እዩ።"

አዴ ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ቆዩ። ሞልተው ወጡና ግንቡ ላይ በገዛ እጃቸው አስቀመጡት።

በማግስቱ እያሳለኝ ነቃሁ። ትኩሳት ነበረኝ። ጉንፋን ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እናቴም ግንባሬን ዳብሳ "ጉንፋን" አለችና በጋቢ ጠቅልላ ይዛኝ ወጣች፤ ስትረታ እንዳያመልጠኝ። ሰፈሩ ግንቡ ሥር ተሰብስቧል። ጠርሙሱ ጤዛ ለብሷል። እናቴ በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ጥርት ያለ ሻይ። አዞረችው፣ ዘቀዘቀችው። ከሥሩ ምንም የለም።

"አየሽ?" አለቻት አስካለን።

አስካለ መሬት መሬት እያየች "እንግዲህ... ጠርሙሴ ይሆናላ" አለች።

አልቆ ነበር እኮ! ሴቶቹ ነጠላቸውን እያጣፉ ሊበተኑ ነበር። አዴ ስማቸው ተርፎ ወደ ቤታቸው ሊገቡ ነበር። እኔ ሳልኩ። ጋቢው ውስጥ ሆኜ፣ ደረቴ እስኪላጥ ሳልኩ።

አዴ ዞረው አዩኝ። ያን ፊት አሁንም አየዋለሁ። መጥተው ግንባሬ ላይ እጃቸውን አደረጉ፤ ሻካራ፣ ዘይት ዘይት የሚል እጅ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ዛሬ ነው፤ ጉንፋን ነው አዴ" አለች እናቴ።

እጃቸውን አላነሱም። "ሲስተር፣ ልጅቷን ከመሐላው አውጪያት።"

"ምን አሉ?"

"አውጪያት። ይሄን የቀዳሁት ለቤቴ ካስቀመጥኳት ነው። የምሸጥላችሁ ይሄ አይደለም። ቀላቅያለሁ።"

አስካለ እንኳን ከመሬት ቀና ብላ አየቻቸው።

"ዘር የለም። በጾም ጠርሙስ ይዛችሁ ስትመጡ ባዶውን ልመልሳችሁ?" አሉ አዴ። ይሄ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ማሽኑ ከቆመ እሳቸውም እንደሚቆሙ መፍራታቸው ነበር፤ ይሄ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

"በልጄ አስማሉኝ" አለች እናቴ ቀስ ብላ።

"እንድትምዪልኝ አልጠየቅኩሽም።" ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። "አውጪያት ብቻ። ኢንተላ ኮ... አውጪያት።"

እናቴ እጄን ይዛ ገባች። ከመሐላው ታውጣኝ አታውጣኝ አልሰማሁም። ጉንፋኑ ለቀቀኝ።

ከዚያ ወዲህ የአዴን በር ያንኳኳ የለም። የሚያስቀው ነገር ሁሉም ሄዶ የቀበሌውን ዘይት በወረፋ ገዛ። የተቀላቀለውን ተጠይፎ ንጹሕ ፓልም በማንኪያ እየፋቀ በላ! ማሽኑ ቆመ፣ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ደርቆ ተበጣጠሰ። አዴ ብረቱን ሸጠው ሁሩታ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። የሄዱ ቀን እናቴ መስኮት ላይ ቆማ አየቻቸው። እኔ ልወጣ ስል ትከሻዬን ያዘችኝ። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሁሩታ ሩቅ አይደለም፤ በሚኒባስ ሄዶ መመለስ ይቻላል። አልሄድንም። ከዓመታት በኋላ ሞቱ ሲባል ሰማን፤ እናቴ የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ግቢው አሁን ጎሚስታ ሆኗል፤ ጎማ ይለጠፍበታል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ዩኒቨርሲቲ መግባት አልሆነልኝም፣ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ። የምጠብሰው በዚያው በሚረጋው ነው። ጠዋት ጀሪካኑን ምድጃ አጠገብ አቁሜ እስኪቀልጥ እጠብቃለሁ። ተማሪዎቹ "ዘይቱ ምንድነው?" ሲሉኝ "የሚረጋው ነው፤ ካልፈለግክ እለፍ" እላለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ "አንቺ ንግድ የሚባል አልፈጠረብሽም" ትለኛለች። አዎ፣ አልፈጠረብኝም።

አዴን ዛሬ የሚያነሳ ካለ "ያቺ ዘይት ቀላቃይ" ብሎ ነው። ልክ ነው፣ ቀላቅለዋል። ግን ጠርሙሱ ጠርቶ ነበር። ስማቸው በእጃቸው ነበር። በሳል የተነሳ ጣሉት።

የዚያን ዕለት ከባጃጁ ወርጄ ቤት ስገባ አንዲት ጎረቤታችን ከእናቴ ጋር የኪራይ ወሬ ይዛለች። እኔን ስታይ እጇን ወደኔ ዘርግታ "ይቺ ልጅ ትሙት እውነቴን ነው!" አለች።

እናቴ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀመጠች። "ልጅቷን ከመሐላው አውጪያት" አለቻት።

ሴትየዋ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። ሴትየዋ "እሺ፣ አውጥቻታለሁ፤ በቃ?" እስክትል ድረስ ሽንኩርቱ እንደተጋደመ ጠበቀቻት። ከዚያ ባጠገቧ ሳልፍ አሸተተችኝ።

"ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?"

"ፋጉሎ" አልኳት።

ቢላዋውን አነሳች። ሽንኩርቱን ወደ ራሷ ሳበች።