ለዐውደ ርእይ የተዋስሁት ፊት

ጥሩ ሥዕል ሰውን ያስለቅሳል ይባላል። አያስለቅስም። በርበሬ ያስለቅሳል፤ እርጥብ እንጨት ያስለቅሳል፤ ሞት ያስለቅሳል። ቀለም የተቀባ ጨርቅ ፊት ቆሞ የሚያነባ ሰው ካያችሁ፣ ከጨርቁ በፊት የጀመረ የራሱ ጉዳይ አለው።

ባለፈው ሳምንት ከፍኖተ ሰላም አንድ ወጣት ሰዓሊ ደወለልኝ። የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርእዩን ሊከፍት ነው፤ መክፈቻው ላይ ንግግር እንዳደርግለት ፈለገ። «ጋሼ፣ አንዲት እናት አንዱን ሥዕሌን አይተው አለቀሱ» አለኝ፣ ኩራቱ በስልኩ ውስጥ እየተሰማ። ለምን እንዳለቀሱ ጠይቋቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። አልጠየቃቸውም። እኔም በእሱ ዕድሜ ሳለሁ አልጠየቅሁም፤ መልሱን አውቀው ነበርና።

በሃያ ሦስት ዓመቴ ሰዓሊ ነበርሁ። ማለትም ሰዓሊ ነኝ እል ነበር። የምኖረው ቡሬ ውስጥ፣ አጎቴ እህል ከሚያከማችበት መጋዘን ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ጥር ሲገባ መጋዘኑ በበቆሎ ጆንያና በበርበሬ ይሞላል፤ ሳስነጥስ እየዋልሁ ሥዕል እሥላለሁ። ሸራ ስላልነበረኝ አቡጄዲ ወጥሬ የዱቄት ሙጫ እለቀልቀውና ሲደርቅ እሥልበታለሁ። ይህን ዘዴ ያገኘሁት ራሴ ነኝ፤ ከሥዕሎቼም ይልቅ እኮራበት ነበር።

ፍኖተ ሰላም ላይ ለዐውደ ርእይ አንድ አዳራሽ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ተፈቀደልኝ። ሥዕሎቼን ጠቅልዬ ከጆንያዎቹ ጀርባ አስቀምጬ ነበር፤ ዐሥር ቀን ሲቀረው ጥቅሉን ፈታሁት። አይጦቹ ያን ሁሉ በቆሎ ንቀው ሙጫዬን በልተውታል። ከገበያው ሥዕል መሃሉ የለም። ከበሬዎቹ የተረፈው ቀንድና ጅራት ነው። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «አይዞህ፣ ሥራህን የወደደ ተገኘ ማለት ነው» ብሎኝ ሄደ።

ይህን ታሪክ ለሰው ባወራሁ ቁጥር እዚህ ላይ አቆማለሁ። ሰው ይስቃል፤ እኔም በመከራ ውስጥ ያለፈ ሰው መስዬ ቡናዬን እጠጣለሁ። ታሪኩ ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው።

የተረፉኝ ሥዕሎች አንዱን ግድግዳ እንኳ አይሸፍኑም። መሃል ላይ የሚሰቀል፣ ሰውን የሚያቆም አንድ ትልቅ ሥራ አስፈለገኝ። ያን ጊዜ እትዬ የሻረግ ትዝ አሉኝ።

እትዬ የሻረግ ከቡሬ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ባለቤታቸው አያ ዓለምነው በሞቱ በወሩ፣ ከቀበሌ መታወቂያ ላይ የተላጠች ጥፍር የምታህል ፎቶ ይዘውልኝ መጥተው ነበር። የሟች ምስል በሙት ዓመቱ ዳስ ውስጥ ይቀመጣል፤ የመጣው ዘመድ ከፊቱ ቆሞ ስሙን ይጠራል፣ ይወቅሰዋል፣ ይሰናበተዋል። ሣልሁላቸው። ስሠራ ፎቶዋ ላይ ዘይት አፍስሼ አበላሸኋትና፣ የአያ ዓለምነው ፊት በዚህ ዓለም ላይ የቀረው እኔ በሣልሁት ጨርቅ ላይ ብቻ ሆነ። ከሥራዎቼ ሁሉ የሚሻለው ያ ነበር። ማንንም ላስደንቅበት ብዬ ስላልሠራሁት ይሆናል።

ስሄድ ገለባ በነፋስ ይበን ነበር፤ አውድማው ላይ የመጨረሻው ጤፍ ይወቃል። ትኩስ የበቆሎ ቆሎ አቀረቡልኝ። ጉዳዬን ስነግራቸው ሥዕሉን ከግድግዳው አውርደው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«እስከ መቼ ነው?»

«ረቡዕ ይዘጋል። ሐሙስ ራሴ አመጣዋለሁ።»

«እሑድ ሙት ዓመቱ ነው። እህቱ ከወለጋ ትመጣለች። ቀብሩ ላይ አልደረሰችም፤ ፊቱን ሳታይ ነው የቀረች።»

«እትዬ፣ ሐሙስ አልሁ እኮ።»

«በል ልጄ፣ ውሰደው።»

ሰኞ አዳራሹ በስብሰባ ተያዘ። ዐውደ ርእዬ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ተገፋ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በማንኩሳ በኩል አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው፤ ሐሙስ አድርሼ በምሳ ሰዓት እመለስ ነበር። ሐሙስን የዋልሁት ሥዕሉን ስሰቅልና ሳቃና ነው። ከሥሩ «ስሙ ያልታወቀ ገበሬ» ብዬ ጻፍሁ። ስሙን አውቀዋለሁ። ያልታወቀ ሲባል ጠለቅ ያለ መሰለኝ።

ቅዳሜ እትዬ የሻረግ መጡ። የሐዘን ልብሳቸው ላይ የመንገድ አቧራ ነበረበት። ማንንም ሳያዩ በቀጥታ መሃሉ ግድግዳ ጋ ሄዱ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ። ከባሕር ዳር የመጡ አንድ የሥነ ጥበብ መምህር ክንዴን ጨበጡኝ።

«አየህ! ጥበብ ማለት ይህ ነው! ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም» አልሁ። «ሥዕሉ ነክቷቸው ይሆናል።»

እትዬ የሻረግ ከእኛ ሁለት እርምጃ ቢርቁ ነው። ዞረው አዩኝ። አላጋለጡኝም። መምህሩ ወደ ሌላው ሥዕል እስኪያልፉ ቆሙና ጠጋ አሉኝ።

«እንግዳ ይዘሃል፣ አላቆይህም። ነገ እኮ ነው።»

«እትዬ፣ ሰኞ ይዘጋል። አሁን ካወረድሁት መሃሉ ባዶ ይሆንብኛል።»

ግድግዳውን አዩ። «እውነትህን ነው፤ ባዶ ቦታ ያስከፋል» አሉና ወጡ። እስከ በሩ እንኳ አልሸኘኋቸውም።

ማክሰኞ ሥዕሉን ተሸክሜ ሄድሁ። ሰዎች ዳሱን እያፈረሱ ነበር። እትዬ የሻረግ እጄን አስታጥበው፣ ከድግሱ የተረፈውን ወጥ አሙቀው አቀረቡልኝ። እንጀራውን ቆርሼ በእጄ ያዝሁት።

«ብላ እንጂ።»

«የአያ ዓለምነው እህትስ?»

«ዛሬ ማለዳ ሄደች። ሥዕሉ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ጋቢውን አድርገንለት ነበር። ጋቢውን አቅፋ አለቀሰች።» ወጥ ጨመሩልኝ። «እዚያስ፣ ሰው በዛ?»

«ብዙ ሰው መጣ፣ እትዬ።»

«ደስ ብሎት ይሆናል። ጨዋታ ይወድ ነበር፤ እንግዳም አይጠላ።»

ሰደቡኝ የምልባት አንዲት ቃል ብትወጣቸው ኖሮ፣ እሷን ይዤ አኮርፍ ነበር። አልወጣቸውም። ከቡሬ ወደ ወለጋ አውቶቡስ ይነሣ ነበር፤ ሥዕሉን ይዤ የእህትየዋን ቤት ጠይቄ ማግኘት እችል ነበር። አልሄድሁም። አይጦቹን ለማማረር ግን ዕድሜ ልኬን ጊዜ አላጣሁም።

ለወጣቱ ሰዓሊ መልሼ ደወልሁና ንግግሩን እንደማላደርግ ነገርሁት፤ ያለቀሱትን እናት ግን ለምን እንዳለቀሱ ሄደህ ጠይቃቸው አልሁት። ቅር አለው መሰለኝ።

እናንተም ስልካችሁን ክፈቱ። በቤተሰቦቹ እጅ የሌለ የሞተ ሰው ፎቶ እናንተ ዘንድ ካለ፣ ሐሙስ አትበሉ። አሁን ላኩላቸው።