የኔታ የሰሙት የምረቃ ቀን

ሞጣ ከተማ ባለው ኮሌጅ መዝገብ ቤት ስሠራ የምረቃ ፎቶዎችና የቪዲዮ ካሴቶች የእኔ አደራ ነበሩ። ክረምት ሲሆን ጉሙ በመስኮት ገብቶ መደርደሪያውን ይሸፍነዋል። ጋውን የለበሱት፣ አበባ የታቀፉት ልጆች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብለው የጠራኋቸው ይመስል ያዩኛል። ሳቅ ስሰማ ከግቢው ይሁን ከፎቶዎቹ ግራ የሚገባኝ ጊዜ ነበር።

እንዲህ ባለ ጠዋት አንድ የቅኔ መምህር ከቢቸና መጡ። ዓይናቸው ብርሃን እንጂ ሰው አይለይም። ልጃቸው ከእኛ ዘንድ ተመርቃ የጁቤ ከተማ ታስተምራለች።

“የምረቃዋ ዕለት አሞኝ ቀረሁ” አሉኝ። “እንዴት ነበር ስላት፣ ‘ሰልፍ ነው፤ ምን አለው’ ትለኛለች። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ልጄ።”

“ካሴቱ አለ፣ የኔታ። አረፍ ይበሉ” ብዬ የቪዲዮ ማጫወቻውን ከፈትኩ።

ያየሁትን እነግራቸው ጀመር። ዝናብ ያካፋል፤ እናቶች በጃንጥላ ሥር እልል ይላሉ፤ ተመራቂዎቹ ጭቃውን እየዘለሉ ይሰለፋሉ።

“እሷስ?”

“ነጠላዋን ከጋውኑ በላይ ደርባለች።”

“ብርድ አትችልም” አሉ ፈገግ ብለው።

ወዲያው ልጅቷ መድረክ ላይ ወጣች። ግጥም ይዛ ነበር። የመጨረሻዎቹ ስንኞች እንዲህ ይላሉ፦

እልል ያለው ሁሉ ጨፍሮ በረረ፤
ለእኔ ከሰው ሁሉ አንድ አባቴ ቀረ።

የኔታ ፊታቸው ጠቆረ። “መቅረቴን ለሕዝብ ነገረችብኝ” አሉ። ዝናቡ ከካሴቱም ከደጅም ይሰማል። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

“ቆይ... ቀረ! ሁሉም ሲሄድ የቀረላትስ?” አሉ። “ሰሙን ሰምቼ ተቀየምኩ እንጂ፣ ወርቁ እኔው ነኝ! ድገሚልኝ።”

ደጋግሜ አሰማኋቸው። እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ “ቅኔ ማን አስተማራት?” ይሉ ነበር።

መልሱን ከራሷ ሰማሁ። ከወራት በኋላ ማስረጃዋን ልትወስድ መጥታ፣ “የአባቴ ተማሪዎች ሲቀኙ ከአጥሩ ወዲህ ጎመን እየቀነጠስኩ እሰማ ነበር” አለችኝ። “አሁንማ ቢቸና በሄድኩ ቁጥር አባቴ ተማሪዎቹ መሐል ያስቀምጡኛል። ትናንት ቅኔዬን አበላሽቼ እንደ ማንኛውም ተማሪያቸው በሁሉም ፊት ተቆጡኝ።”

ይህን ስትናገር ፊቷ በደስታ በርቶ ነበር።