ማንም ያልገባበት በር

ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን እንደከፈተ መጀመሪያ የሚያደርገው መስተዋቶቹን መወልወል ነው። ጋዜጣ ጨምድዶ በውኃ ያረጥብና ከፊት ያለውን ትልቁን፣ ቀጥሎም ደንበኛው ማጅራቱን የሚያይበትን የኋላውን ይወለውላል። ሁለቱ መስተዋቶች ስለሚተያዩ በመካከላቸው የቆመ ሰው መልኩ እየተደጋገመ፣ እያነሰና እየጨለመ ሄዶ መጨረሻው አይታይም። ከዚያ ነጭ ጋውኑን ከምስማሩ ላይ አውርዶ ይለብስና እስከ ጉሮሮው ድረስ ይቆልፈዋል። ሥራውን ያስተማረው አጎቱ፣ ደረቱን ከፍቶ የሚሠራ ፀጉር አስተካካይ ሥጋ ሻጭ ይመስላል ይል ነበር። አጎቱ ከሞተ ዘመን ቢቆጠርም ያ የላይኛው ቁልፍ በሥራ ሰዓት ተከፍቶ አያውቅም።

የመጨረሻው ነገር በቅርብ የመጣ ነው። ሁለት ጣቶቹን ከአገጩ ሥር ያሳርፍና ልቡን ያዳምጣል።

ጠዋት ጠዋት ልቡ ጨዋ ነው። የሚያስቸግረው ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ ደረቱ ውስጥ ዓሣ የተገላበጠ ያህል ይሰማዋል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ሕመም የለውም። ሬዲዮው ይርቃል፣ የመንገዱ ጫጫታ ይርቃል፣ እጁ የያዘው ነገር የሌላ ሰው ይመስለዋል። በመጨረሻ አንድ ሰው ከውስጥ በር በእርግጫ እንደመታ ሁሉ ልቡ አንዴ በኃይል ይመታና ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሐኪሞች ዘንድ ያልሄደበት ጊዜ የለም። የመጀመሪያው ጨጓራ ነው ብሎ የሚዋጥ ሰጠው። ሁለተኛው ጭንቀት ነው፣ ሐሳብ አታብዛ አለው። ሦስተኛው ከልብ መመርመሪያው የወጣውን ወረቀት ወደ መስኮቱ አንሥቶ እያየ፣ ይህን የመሰለ ልብ እኔም ባገኘሁ ብሎ ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩም አብሮ ሳቀ፤ ምን ማድረግ ይችላል? ምርመራ ክፍል ሲገባ ልቡ፣ አባቱ ቤት የገባበት ልጅ ይመስል፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

ሚስቱ መጀመሪያ ደንግጣ ነበር። ሁለተኛው ሐኪም ደህና ነው ሲል ተረጋጋች፤ ከሦስተኛው በኋላ ግን ሰለቻት። “ደህና ነህ ካሉህ ደህና ሁንላቸው እንጂ” አለችው፣ ሳህን እያለቀለቀች። አጠገቡ ባለው ወንበር የሚሠራው ባልደረባው፣ ሰፈሩ ሁሉ ቀጭኑ የሚለው፣ እሱ ጣቶቹን አንገቱ ላይ ባደረገ ቁጥር ሰላም በልልኝ እያለ ያሾፍበታል።

ለሐኪሞቹ ያልነገራቸው አንድ ነገር ነበር።

ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ደንበኛ አለው፤ ሾፌሩ ይሉታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፂሙን ይላጭ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ በግራ እጁ የሾፌሩን አንገት ደግፎ፣ እንደ ልማዱ የራሱን አገጭ ወደ ትከሻው ሰብሮ አጎንብሷል። ዓሣው ተገላበጠ፤ ዝምታው መጣ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚመታ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ከጣቶቹ ሥር ያለው የሾፌሩ አንገት። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ነው። ለመነቃነቅ ፈራ። የሰው ልብ ተውሶ የቆመ መሰለው።

ሾፌሩ ዓይኑን ሳይገልጥ “ማነው የገባው?” አለ።

በሩ ዝግ ነበር። በሩ ላይ የተንጠለጠለችው ደወል አልጮኸችም። ቀጭኑ ጀርባውን ሰጥቶ ማሽን ዘይት ሲቀባ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ማንም አልገባም አለው፤ ሾፌሩም ኧረ አጠገቤ ሰው ቆሟል ብሎ ተነሥቶ ዙሪያውን አየና በራሱ ሳቀ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይረሳው ነበር። ከጊዜ በኋላ አንድ አስተማሪ ሲላጭ ዝምታው እንደገና መጣ፤ አስተማሪውም ፊቱ አረፋ እንደተቀባ አንገቱን ወደ በሩ ለማዞር ሞከረ። “ቦታ ይዤበት ከሆነ ይቅርታ በልልኝ” አለ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምላጭ አልያዘም። የሚላጨውን ሁሉ ለቀጭኑ ያስተላልፋል፤ እጄን ወለም ብሎኛል ይላል። ቀጭኑ ፀጉር ሲቆርጥ አይታማም፣ ምላጭ ላይ ግን ችኩል ነው። ሾፌሩ ጉንጩን እያሻሸ፣ ይህ ጓደኛህ የሚልጠኝ ድንች መስዬው ነው ብሎ ስሞታ አቀረበ። ፀጉር አስተካካዩ ፈገግ አለ። ማታ ግን ምላጩን ከመሳቢያው አውጥቶ ወልውሎ መለሰው። ልቡ አንድ ቀን ዝም እንዳለ ቢቀር፣ ያ ምላጭ የሚያርፈው በማን አንገት ላይ ነው? ይህን ጥያቄ የሚመልስለት ሐኪም አላገኘም። ጥያቄው ሳይመለስ ደግሞ ምላጭ አያነሣም፤ ምላጭ የማያነሣ ፀጉር አስተካካይ ምን እንደሚባል አያውቅም።

አራተኛዋ ሐኪም ወጣት ናት። የልብ ምት ቀኑን ሙሉ የሚቀዳ ትንሽ መሣሪያ ደረቱ ላይ አሠረችለትና እንደወትሮው እንዲውል፣ በማግስቱ እንዲመልስ ነገረችው።

እንደወትሮው መዋል የሚባለው ነገር ግን ቤቱ ሲደርስ አልተቻለም። ሽቦ ደረቱ ላይ የተለጠፈበት ሰው በሽተኛ ነው፤ በሽተኛ ደግሞ ይተኛል። ሚስቱ አልጋ ላይ አስተኛችው። አማቱ ሰምታ መጣች፤ ጎረቤቶች ጥየቃ ገቡ። ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረው፣ ድምፃችን እንዳይቀዳበት እያሉ በሹክሹክታ አወሩ። አንዷ ሳሏ መጥቶባት እየሮጠች ወጣች። እሱም እንደ ሙሽራ ተገትሮ፣ ራሱን ሳያዞር፣ መሣሪያውን ላለማድከም ቀስ ብሎ እየተነፈሰ ዋለ። ልቡ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተረጋግቶ አያውቅም።

ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ንጹሕ ነው አለችው። ሌላ ሰው ቢሆን ተነሥቶ ይወጣ ነበር። እሱ አልተነሣም። ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራ ስለሚሄድ ጋውኑን ይዞ ነበር።

ቀኑን እንዴት እንዳሳለፈ ጠየቀችው። ነገራት። የሹክሹክታው ነገር ላይ ሲደርስ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀች።

“ታዲያ ጋሼ፣ የሚመጣብዎት ምን ሲሠሩ ነው?”

ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እሱም ስላልጠየቁት አልተናገረም ነበር። መልሱን በአፉ ሊነግራት ጀምሮ ቃል አጠረውና ተነሣ። ጋውኑን ለበሰ፤ እስከ ላይ ቆለፈው። የምርመራ አልጋው ላይ ያለውን ትራስ የሾፌሩ ራስ አድርጎ በግራ እጁ ደገፈና አጎነበሰ። አገጩን ወደ ትከሻው ሰበረ። እሷ አጠገቡ ቆማ ቀኝ እጁን ያዘች፤ ጣቶቿን አንጓው ላይ አሳርፋ ሰዓቷን ተመለከተች።

ለአፍታ ምንም አልነበረም። የውኃ ቧንቧው ይንጠባጠባል። ከኮሪደሩ የጋሪ ጎማ ድምፅ ይሰማል።

ዓሣው ተገላበጠ።

ጎማው ራቀ፣ ቧንቧው ራቀ። ነጩ ትራስ ብቻ ቀረ። ሐኪሟ ከሰዓቷ ላይ ዓይኗን አነሣች፤ ፊቷን ግን ወደ እሱ አላዞረችም። ወደ በሩ አዞረች።

“ይግቡ” አለች።

በሩ አልተከፈተም። እርግጫው መጣ፤ ልቡ ተመለሰ፤ ክፍሉ በድምፅ ተሞላ። ወደ አልጋው ሲያዘነብል በሁለት እጇ ይዛ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

“ቆሟል። በጣቴ ነው የያዝኩት፤ ቆሟል” አለች። ከዚያ የጋውኑን የላይኛ ቁልፍ ራሷ ፈታችው።

ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የነበረው ቃል ይኸው ነበር። ደስ ይለኛል ብሎ ያስብ ነበር፤ አሁን ግን የተጨማደደውን ትራስ ያስተካክል ጀመር።

ሐኪሟ ሄዳ በሩን ከፈተችና ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ አየች። የተራ መጠበቂያ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። መልሳ ዘጋችው።

“ሰው የቆመ መስሎኝ ነው።”

“እነሱም እንዲሁ ይላሉ” አላት።

እነማን ብላ አልጠየቀችውም። ተቀምጣ ብዙ ጻፈች፤ የጋውኑን የላይኛ ቁልፍ፣ የአንገቱን አሰባበር፣ የእጁን አቀማመጥ ሁሉ ደጋግማ ጠየቀችው። አንገት ሲጫን ልብን የሚያቆም ነገር ሊሆን ይችላል፣ ወረቀት ላይ ሳላየው ግን ሕክምናውን አልወስንም አለችው። ስለ በሩ የጻፈችው ነገር አልነበረም።

መሣሪያው ሰኞ ጠዋት እንደገና ይታሠርለታል። ሱቁን ከፍቶ፣ መስተዋቶቹን ወልውሎ፣ ጋውኑን እስከ ላይ ቆልፎ ይሠራል፤ ምላጩን ግን ከመያዣው አውጥቶ፣ በባዶው መያዣ ብቻ እንዲላጭ ታዞለታል። ሚስቱ ከቀጭኑ ጋር ሱቁ ውስጥ ትውላለች፤ ቢወድቅ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንዲላጭ ሾፌሩን ጠየቁት። በባዶ እጅ የሚላጭ ሰው ካገኘሁማ ድንች ከመሆን ይሻላል ብሎ እሺ አለ።

ከዚያ ፂሙን እየዳሰሰ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ የሚገባውን በዓይኑ እንዲያይ ወንበሩን ወደ በሩ እንዲያዞሩለት ይፈልጋል። ሰኞ ወንበሩ ወደ በሩ ይዞራል።