ጳጉሜን የማያውቀው መዝገብ

ሐሙስ ጠዋት ከያቤሎ የተነሳሁት ለሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛው ኬንያ ሞያሌ የታገዱ አስራ አንድ ጊደሮችን ማስለቀቅ፣ ሁለተኛው የከብቶቹን መዝገብ የሚይዘውን የኮምፒውተር ፕሮግራም አውጥቶ መጣልና ሌላ መምረጥ። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። ጊደሮቹን ያሳገደው ፕሮግራሙ ነው ብዬ ነው የወጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ከያቤሎ ከብት እጭናለሁ፤ ኬንያ ሞያሌ ሆቴል ያላት ወይዘሮ አስካለ ትቀበላለች። ሸሪኮች ነን። የእያንዳንዱ ከብት የጆሮ ቁጥር፣ ባለቤቱና የተከተበበት ቀን ያቤሎ ቢሮዬ ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል። ግልባጩ በፍላሽ ተደርጎ በሾፌሩ እጅ አስካለ ዘንድ ይደርሳል፤ እሷም በወረቀት አትማ ለእንስሳት ሐኪሙ ታቀርባለች። ከተከተበ ሁለት ሳምንት ያልሞላው ከብት አያልፍም።

አስራ አንዱ ጊደሮች የንግድ አይደሉም። ከድንበሩ ማዶ፣ በኬንያው የጎልቦ ቆላ የሚኖሩት ሽማግሌ ጉዮ በድርቁ ከብታቸው አልቆ ባዶ በረት ይዘው የቀሩ ሰው ናቸው። ቦረና ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጣልም፤ ጎሳው አዋጥቶ እንደገና ባለከብት ያደርገዋል። ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። ከድንበሩ ወዲህ ያሉ አስራ አንድ ዘመዶች አንዳንድ ጊደር አወጡላቸው፤ እኔ ጫንኩ። ረቡዕ ማታ አስካለ ደወለች።

«ዝርዝሩ ላይ የክትባቱ ቀን ዜሮ ዜሮ ዜሮ ይላል» አለችኝ። «ሐኪሙ አልተከተቡም ብሎ ከከተማው ዳር ቡቲዬ ያለው በረት ውስጥ ዘግቶባቸዋል። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ማስረጃ ካልመጣ ይመለሱ ብሏል። ደምሴ፣ ውሃ የለም። በመንገድ ነው የሚያልቁት።»

የያቤሎው ሐኪም በእጁ የጻፈውን የክትባት ወረቀት ደረት ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። «ጳጉሜን ሁለት» ይላል። እኔ ማንበብ የቻልኩት በሰላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ወረቀት ማለት ሌላ ሰው «እንዲህ ይላል» የሚለኝ ነገር ነበር። አንድ ጊዜ እንዲህ ይላል ተብዬ በአውራ ጣቴ ፈርሜ የአባቴን ቤት አጥቻለሁ። ያሞኘኝ ሰው ዛሬም ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ዱቡሉቅ

አውቶቡሱ ዱቡሉቅ ላይ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ቀይ የምስጥ ኩይሳ ሰው አክሎ በየሜዳው ተገትሯል። ሳሩ ከወዲሁ ቢጫ ሆኗል። አንድ ሻይና አንድ ደረቅ ዳቦ በሁለት ብር ቀምሼ ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ጫት የያዘ መንገደኛ አየኝና «የፍቅር ደብዳቤ ነው?» አለኝ።

«የላም ነው» አልኩት።

«እሷስ ታማኝ ናት» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጎማው አንድ ሰዓት ፈጀ። ረዳቱን «የናንተ ክብሪት የሚያክል ብሎን ሰው ይገድላል» ስለው «ጋሼ፣ ከቸኮልክ ውረድና ግፋ» አለኝ። መግፋቱን አልጠላሁም ነበር።

ሜጋ ላይ ኬላ ፍተሻ አለ። ሁሉንም አስወረዱ፤ የሴቶቹን ዘንቢል ሳይቀር ገለበጡ። ሌላ ሃምሳ ደቂቃ።

ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ሞያሌ

ድንበሩን በእግሬ ተሻገርኩ። ቁልቁል ወርደህ ሽቅብ ስትወጣ ብሩ ሽልንግ ይሆናል፤ ሰዉ ግን ያው ነው። አስካለ ሆቴሏ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም።

«ሐኪሙ ቦሪ የሚባል መንደር ለሥራ ሄዷል። ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው።»

«ጊደሮቹስ?»

«ሂድና እያቸው።»

ሦስት ጀሪካን ውሃ በሁለት ሞተር ብስክሌት ጭነን ቡቲዬ ወረድን። በረቱ እሾህ አጥር ብቻ ነው፤ ጥላ የለውም። ጊደሮቹ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። አንዷ ቀይ ጊደር ተኝታለች። ጉዮ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው በኮፍያቸው ዝንብ ያባርሩላታል።

«ኦቦ ጉዮ፣ እንዴት ዋሉ?»

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አሉኝ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ማሽኑ ነው ያጠፋው።»

«ማሽኑን አላውቀውም። አንተን ነው የማውቅ። ይህቺ ቀይዋ የእህቴ ናት። እህቴ ሌላ የላትም፤ ያለቻትን ነው የሰጠችኝ።» ጣታቸውን አጣጥፈው ዘረጉ። «ከተወጋች ዛሬ አስራ ስምንት ቀን ነው። እኛ እያንዳንዱን ቀን በስሙ እንጠራዋለን፤ ሃያ ሰባት የቀን ስም አለን። የጠፋን ቀን የለም። እናንተ እንዴት ጠፋባችሁ?»

ውሃውን በገበቴ አቀረብኩ። ቀይዋ አፍንጫዋን ነክራ ተወችው።

ከቀኑ 11 ሰዓት፣ የሆቴሉ ጓዳ

ሐሰን ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን ዘርግቶ ጠበቀን። የሞያሌ ልጅ ነው፤ ናይሮቢ ተምሮ ተመልሷል። የመጀመሪያውን መዝገብ ከሁለት ዓመት በፊት የሠራልን እሱ ነው። አንደኛው ማሽን ላይ ያለው የምንጠቀምበት፣ ማይኤስኪውኤል የሚሉት የመዝገብ ፕሮግራም ነው፤ ሁለተኛው ላይ አዲሱን፣ ፖስትግሬስ የሚሉትን ጭኖበታል።

«ሁለቱም ነጻ ናቸው ምዜ» አለኝ። ሽማግሌ ማለቱ ነው። «ፈቃድ አይገዛም። ውስጣቸውም ክፍት ነው፤ የተጻፉበትን ኮድ ማንም ማንበብ ይችላል።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ማንም ማንበብ ይችላል የሚለው ቃል ማንበብ ለማይችል ሰው ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ክፍት በር ለዓይነ ስውር እንደ ማሳየት ነው።

«በል ጻፍ። የጳጉሜን ሁለቱን። በላይነሽ እንደምትጽፈው አድርገህ።» በላይነሽ የያቤሎ ቢሮዬ ጸሐፊ ናት።

ዓመቱን፣ ከዚያ አስራ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት ብሎ ነባሩ ላይ ጻፈ። ማሽኑ ወዲያው አንድ መስመር ተመዝግቧል አለ። «አሁን አንብብልኝ» አልኩት። ሲያወጣው ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። አልገባኝም አላለም፣ አልቀበልም አላለም። ተቀብያለሁ ብሎ የሰጠሁትን ጥሎ ባዶ አስቀመጠ። የአባቴን ቤት የወሰደብኝም ሰው እንዲሁ ነበር ያደረገው፤ እሺ፣ እሺ፣ ተጽፏል።

አዲሱ ላይ ያንኑ ጻፈ። ማሽኑ አልመዘገበም። ከልክ ያለፈ ቀን ነው የሚል መልእክት አወጣ።

«እምቢ አለ» አለች አስካለ።

«ሌላም ፈተና አለ» አልኩ። «ቀይዋን ጊደር ከጉዮ እህት ስም አውጣና በጉዮ ስም አስገባ። ካወጣህ በኋላ፣ ሳታስገባ ቁም።»

ሐሰን ነባሩ ላይ አወጣና ቆመ። ሶኬቱን በእጄ ነቀልኩት። «ወላሂ!» ብሎ ጮኸ። መልሰን ስናስነሳው ጊደሯ ከእህትዮዋም የለች፣ ከጉዮም የለች። የማንም አይደለችም። በአዲሱም ያንኑ አደረግን፤ ነቀልኩ፣ ተነሳ። ጊደሯ በእህትዮዋ ስም ቆማለች፣ ማንም እንዳልነካት።

«ሥራው ካላለቀ እንዳልተጀመረ ነው የሚቆጥረው» አለ ሐሰን። «ግን ምዜ፣ በሐቅ እንፍረድ። ነባሩም ይህን የሚችል ሌላ የሰንጠረዥ ዓይነት አለው። የተሳሳተ ቀን እንዳይቀበል የሚያደርግ ማጥበቂያም አለው። እኔ አልከፈትኩትም።»

«ለምን?»

«ፍጥነት አላችሁኝ፤ አስካለ ሾፌሮች ይጮሁብኛል አለች። ፈጣኑን ሰጠኋችሁ።»

«አሁንም ይጮሁብኛል!» አለች አስካለ። «ሃያ መኪና ተሰልፎ ማሽኑ እምቢ ሲል የሚሰደበው ማነው? አንተ ያቤሎ ተቀምጠህ።»

«ይሰድቡሽ። ስድብ ከብት አይገድልም።»

«ይህ አዲሱም እንከን አለው» አለ ሐሰን። «በዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይዘገያል። በየጊዜው መጽዳት ይፈልጋል። ከሁሉ የባሰው ግን በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ የሚያውቀው የለም። ነባሩን ግን ናይሮቢ መንገድ ላይ ድንጋይ ብትወረውር የሚያውቀው ሰው ትመታለህ። ነገ እኔ ብሄድስ?»

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነበር። ስመርጥ የኖርኩት ጥሩውን ዕቃ ሳይሆን ሲሰበር የሚጠግነው የማይጠፋውን ነው፤ የጭነት መኪናዬንም እንዲሁ ነው የገዛሁት።

ሐሰን እጁን ከማሽኑ አነሳ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ጊዜ ቀኑን በፈረንጅ እንድትጽፉ ለምኜህ ነበር። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

አስታውሳለሁ። የፈረንጅ ወር እኔ ቢሮ አይገባም ነው ያልኩት። ወር መጻፍ በሰላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው የተማርኩት፣ ሁለተኛ አልማርም ብዬዋለሁ። በላይነሽም ስትጠይቀኝ ተቆጥቻታለሁ። አስራ ሦስተኛ ወር ለማያውቅ ማሽን አስራ ሦስተኛ ወር ያጎረስኩት እኔ ነኝ።

ያን ሰዓት ሐሰንን ብመታው ደስ ባለኝ ነበር። አልመታሁትም። «እምቢ የሚለውን ጫንልን» አልኩት። «አንተም ሳትሄድ በላይነሽን አስተምራት። ያቤሎ መጥተህ አንድ ወር ተቀመጥ፤ ምግብህና አልጋህ በእኔ።»

አስካለ ጥርሷን ነከሰችና «ይሁን» አለች። «ሾፌር ሲሰድበኝ ግን ስልኩን ለአንተ ነው የማቀብለው።»

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ቡቲዬ

ቀይዋ ጊደር ጎህ ሲቀድ ሞታለች። ጉዮ በድኗን ከአጥሩ ውጭ ጎትተው ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀምጠው ነበር።

ሐኪሙ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ረጅም፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ነው። ወረቀቱን ገልብጦ አየው። አስካለ አስተረጎመችልኝ።

«ጳጉሜን ምንድን ነው ይላል።»

«ወር ነው በይው። አስራ ሦስተኛ።»

ሐኪሙ ሳቀ። «ወር አስራ ሁለት ነው፣ ምዜ» አለ፤ ይህ ያለ አስተርጓሚም ገባኝ። ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጋው። ሰዓቱን አየ። ሰዓት እንኳ እንስማማለን፤ የእነሱም ስድስት ሰዓት እንደኛው እኩለ ቀን ነው። የማንስማማው በወሩ ነው።

«ወረቀቱን አትቀበለው፣ እሱ እንደያዘው ይቆይ!» አለችኝ አስካለ። ሞተር ብስክሌት ላይ ዘልላ ወጣች። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። እኔ የቆምኩት ሐኪሙ መኪና በር ላይ ነው፤ ቢነሳ ጎማው ስር እተኛ ነበር። ስትመለስ ከሆቴሏ ግድግዳ ገና ያልወረደውን የአምናውን የቀን መቁጠሪያ ከነምስማሩ ይዛ መጣች፤ የኛው ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁ በየጥጉ በትንሹ የታተመበትን። የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ ሐኪሙ አፍንጫ ስር ዘረጋችው።

ሐኪሙ ጣቱን ጳጉሜን ሁለት ላይ አሳርፎ ጥጉን አነበበ። ሴፕቴምበር ሰባት። ከዚያ ወደ ዛሬ ቆጠረ። አስራ ዘጠኝ አለ። ዘወር ብሎ ጉዮን በቦረንኛ ጠየቃቸው። ጉዮ ሳይነሱ «አስራ ዘጠኝ» አሉ።

ፈረመ፤ ማኅተሙንም መታ። ለሐቁ ከሆነ ሰውየው ጥፋት የለበትም። ዜሮ የተጻፈበትን ከብት ያሳለፈ ሐኪም ምን ሐኪም ነው?

አስሩ ጊደሮች ከስድስት ሰዓት በፊት ወጡ። ጉዮ ከኋላቸው ሊነዱ ሲነሱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ቀረብኩ። «ኦቦ ጉዮ፣ የእህትዎን...»

«ለእህቴ አንተ ንገራት» አሉኝ። «ያቤሎ ቅርብህ ናት።» በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው የጎልቦን መንገድ ያዙ።

ቅዳሜ፣ ያቤሎ

ቤቴ ሳልገባ እህትዮዋ ዘንድ ሄድኩ። ነገርኳት። ምን እንዳለችኝ አልጽፈውም፤ የተናገረችው ለእኔ ነው።

ከዚያ ቢሮ ገባሁ። ሐሰን ወደ ፍላሽ የገለበጠልኝን አዲሱን መዝገብ በላይነሽ ከፈተች። ቀይዋ ጊደር የሞተችበት ቀን፣ የትናንቱ መስከረም አስራ ስድስት፣ መግባት ነበረበት። «ልጻፈው ጋሼ?» አለችኝ። እኔ እጽፋለሁ ብዬ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ።

ሐሰን የነገረኝ አንድ ነገር መንገዱን ሁሉ ሲከነክነኝ ነበር። ይህ አዲሱም ጳጉሜን ስጽፍለት ብቻ ነው እምቢ የሚለኝ። መስከረም አስራ ስድስትን ብሰጠው አንደኛ ወር ነው ብሎ፣ ጃንዋሪ አድርጎ፣ ያለ አንዳች ቃል ይቀበለኛል። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚከለክል ማሽን የለም። እኔን ከእኔ የሚጠብቀኝ ፕሮግራም ነጻም ይሁን በገንዘብ አልተሠራም፤ ይህን ለማወቅ ነው ለካ ሞያሌ ደርሼ የተመለስኩት፣ ዋጋውንም የአንዲት ሴት ብቸኛ ጊደር የከፈለችልኝ።

ራሴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የእኔም ቢሮ እንዲያ ያለ የቀን መቁጠሪያ በየዓመቱ ይሰቀላል። ማንበብ ከቻልኩ ጀምሮ በየቀኑ አየዋለሁ፤ የጥጎቹን ትንንሽ ቁጥሮች ግን አንድም ቀን አንብቤያቸው አላውቅም። ተነስቼ መነጽሬን አድርጌ ቀረብኩ። መስከረም አስራ ስድስት ላይ ጣቴን አሳረፍኩና ጥጉን በላይነሽ እየሰማች ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ እንደ ፊደል ተማሪ።