ቆማ የምታርፈው ተሸካሚ

በዘጠኝ ዓመቷ ናዳ ቤታቸውን ሲውጠው፣ ከቤተሰቡ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት ይላሉ። አሁን ስድሳን አልፋ፣ የሂማላያ ተጓዦችን ሻንጣ በቅርጫት ተሸክማ፣ የቅርጫቱን ጠፍር ግንባሯ ላይ አድርጋ በሻይ ቤቴ ደጅ ታልፋለች። ስታርፍ አትቀመጥም፤ ቅርጫቱን በምርኩዟ ላይ ታሳርፍና ቆማ በፉጨት ትተነፍሳለች።

ትናንት የተሸካሚዎቹ መሪ ፉርባ በቅሎ እየሳበ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ሸክሙን ለበቅሎዋ ስጪና ከዚህ ተመለሽ። በረዶው ላይ ብትወድቂ ማን ይሸከምሻል?» አላት።

«አምና ከፍታው ሲያዞርህ አንተን ማን ተሸከመህ? በቅሎዋ ናት?»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ፉርባ በቅሎዋን እየጎተተ ወደፊት ሄደ።

ቅቤ የገባበት ሻይ ሳቀብላት፣ ለምን እንደማትመለስ ጠየቅኋት።

«ሲደክመኝ እመለሳለሁ። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን፣ ደከመሽ የሚለኝ ሌላ ሰው ሳይሆን ደከመኝ የምለው እኔ መሆኔ ነው።»